ከወንዙ ወዲህ

ባለፈው እሑድ የወንድሜ የልጅ ልጅ ስልኳን ይዛ መጥታ ፎቶ አሳየችኝ። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር እንፍራንዝ አጠገብ ያለውን የጉዛራን ግንብ ልታይ ሄዳ ነበር። መስኮቱ ውስጥ ቆማ ትስቃለች፤ ከጀርባዋ ጣና እንደ ቆርቆሮ ያበራል።

«እማማ፣ አንቺ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ» አልኳት።

ውሸት አልነበረም። ግንቡን ብዙ ቀን አይቼዋለሁ፤ ወጥቼበት ግን አላውቅም። ይህን አልነገርኳትም። ነገሩ ረዘም ያለ ነው፤ እሷ ደግሞ ሌላ ፎቶ ልታሳየኝ ቸኩላለች።

በንጉሡ ዘመን፣ ጎንደር ስምንተኛ ክፍል ስማር ነው። መስከረም እንደ ጠባ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። እህል አስጠላኝ፣ ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኝ ጀመር። የወፍ በሽታ ነው ተባለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እናቴ የሞተችው ዓይኗ እንዲሁ ቢጫ ሆኖ ስለነበር አባቴ ጊዜ አላጠፋም። በማግስቱ በጭነት ማኪና አሳፍሮ እንፍራንዝ፣ አክስቴ ዘንድ ወሰደኝ። እዚያ አያ ተገኘ የሚባሉ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ።

አያ ተገኘ ቅጠል ወቅጠው በብርዝ በጥብጠው አጠጡኝ። ምሬቱ ከምላሴ ሳይለቅ አደረ። ትእዛዙን የነገሩት ለአክስቴ እንጂ ለእኔ አልነበረም።

«ቅቤና ሥጋ እንዳታስነኪያት። እስከ ሕዳር ሚካኤል ወንዝ እንዳትሻገር፤ መድኃኒቱ ይሸሻል። ወንዝ ተሻግሮ የመጣ ሰውም ላቡ ሳይደርቅ እንዳይጠጋት።»

«ትምህርቷስ?» አለ አባቴ።

«የመገጭን ወንዝ ሳትሻገር ጎንደር የምትገባበት መንገድ ካለህ ውሰዳት» አሉት።

አባቴ በመጣንበት ማኪና ብቻውን ተመለሰ።

አክስቴ ትእዛዝ አክባሪ ነበረች። ባሏ አያ ውብሸት ከወንዝ ማዶ ያለውን ማሳቸውን አይተው ሲመጡ፣ ከአጥሩ ውጭ ካለች ድንጋይ ላይ ታስቀምጣቸዋለች።

«ኧረ ደርቋል! ነይና ዳስሺው!» ይላሉ።

«ግንባርህ ያብረቀርቃል፤ ቁጭ በል።»

«በገዛ ቤቴ ደጅ ጠናሁ እኮ!» ከዚያ ወደ እኔ ይጮኻሉ፤ «ምነው ልጄ፣ ቶሎ ዳኚልኝ እንጂ! ጎረቤቱ ሚስቱ አባረረችው እያለ ያማኛል።»

እስቃለሁ። እሳቸው ገብተው እንቅልፍ ሲወስዳቸው፣ አክስቴም ወደ ሥራዋ ስትዞር ግን ቀኑ አያልቅም። ስለዚህ ቀስ እያልሁ መንገድ ለመድሁ። ከተማይቱ አንድ መንገድ፣ ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶችና ብዙ የሣር ክዳን ነበረች። ከመንገዱ ዳር ጣሊያን ጥሎት የሄደ ጣሪያ አልባ ቤት አለ፤ ውስጡ ሾላ በቅሎበታል። ከሱ አለፍ ብሎ በረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር።

«ዛሬስ የት ደረስሽ?» ይለኛል።

«ወንዙ ድረስ።»

«ትናንትም እኮ እዚያው ነበርሽ።»

እውነቱን ነው። በላይ ብወጣ ወንዝ ነው፣ በታች ብወርድ ወንዝ ነው። ጊዜው ጥቅምት ስለነበር ኑጉ አብቦ አገሩ ሁሉ እንደ ዓይኔ ቢጫ ሆኗል። ወንዙ ዳር ከአንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ማዶ ኮረብታው ላይ ያለውን ጉዛራን አያለሁ። ጣሪያው ፈርሷል፣ ግንቡ ላይ ቁጥቋጦ በቅሏል። ጠዋት ግራጫ ነው፤ ወደ ማታ ፀሐይ ከጣና በኩል ስትመታው እንደ ዳቦ ቅርፊት ይቀላል። ሰው አይታይበትም። አንዳንዴ አንድ ጭልፊት ይዞረዋል።

አንድ ቀን ከጎንደር የመጣ ጨው ነጋዴ የፋንታዬን መልእክት አደረሰኝ። ፋንታዬ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት። እናቴ የሞተች ጊዜ ሌሎቹ አይዞሽ ብለውኝ ሄዱ፤ እሷ ግን መጥታ አጠገቤ ዝም ብላ ትቀመጥ ነበር። አባቷ አዘዞ የሚኖሩ ወታደር ናቸው። መልእክቱ ሁለት ነገር ነበረው፤ ክፍላችን ቅዳሜ ጉዛራን ሊጎበኝ ይመጣል፤ የፋንታዬ አባት ወደ ሐረር ስለተዛወሩ በሚቀጥለው ሳምንት ቤተሰቡ ይነሣል።

ቅዳሜ ጠዋት ካሚዮኑ ልጆቹ እየዘፈኑ ከተማይቱን ሳይቆም አቋርጦ አለፈ። ነጠላዬን ለብሼ ወደ ወንዙ ወረድሁ። ብዙ ቆይቶ በግንቡ መስኮቶች ነጫጭ ሸሚዞች ታዩ። ከመካከላቸው አንዷ ቁልቁለቱን እየሮጠች ወረደች። ከሩጫዋ አወቅኋት።

ወንዙ እዚያ ላይ ጠበብ ይላል፤ ውኃው ከጉልበት አያልፍም።

«ወፍረሻል!» አለችኝ ከማዶ።

«ውሸታም!»

«ዓይንሽ ከዚህ አይታየኝም። ነጣ?»

«ትንሽ ነጥቷል።»

«ልንሄድ ነው። ሰምተሻል?»

«ነጋዴው ነገረኝ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሻል? ተሻገሪ እንጂ!»

«አልችልም፤ መድኃኒት ላይ ነኝ።»

«እንግዲያው እኔ መጣሁ» ብላ ጫማዋን አውልቃ፣ በክሩ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባች። ከሩጫው ፊቷ በላብ ርሶ ነበር። እሷ ወደ እኔ ስትመጣ ለእኔ የእናቴ ቢጫ ዓይን ታየኝ።

«አትምጪ!» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሣቀች። እጄን ዘርግቼ ስከለክላት ቆመች። «ምነው?»

«ወንዝ የተሻገረ ሰው ላቡ ሳይደርቅ አይጠጋኝም።»

ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ አደርቀዋለሁ» አለች። ይህን ስትል የመምህራችን ፊሽካ ከላይ ተሰማ፤ የካሚዮኑ ጡሩንባ ተከተለ። ኮረብታውን አየች፣ እኔን አየች። ለላብ የሚሆን ጊዜ አልነበረም። ውኃው መካከል ጥቂት ቆመች። ከዚያ ወገቧ ላይ ካሰረችው ነጠላ ጫፍ ዳቦ ፈትታ ወረወረችልኝ፤ «እናቴ የጋገረችው ነው!» ዳቦው እግሬ ሥር ወደቀ። እሷም ተመልሳ ወጣች። ጫማዋን እርጥብ እግሯ ላይ አጠለቀች፣ አንድ ጊዜ ዞራ አየችኝ። እጄን አነሣሁ።

ካሚዮኑ ሲመለስ አጥሩ ሥር፣ ከመንገዱ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። አቧራ ብቻ አየሁ።

ቤት ውስጥ የዳቦው ነገር ክርክር አስነሣ።

«ወንዝ ተሻግሯል፤ አትበላም» አለች አክስቴ።

«በአየር ነው የተሻገረው!» አሉ አያ ውብሸት። «ዳቦ ደግሞ ምን ላብ አለው?»

«ትኩስ ሳይሆን አይቀርም የቋጠረችው፤ ወዝቷል። ይድረቅ።»

ወስዳ ከአጥር ውጭ የሳቸው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። «እሰይ፣ ጓደኛ አገኘሁ» አሉ አያ ውብሸት፤ ቁራ እንዳይወስደው ግን አጠገቡ ተቀምጠው ጠበቁልኝ። ሲደርቅ ተፈቀደልኝ። እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ስለነበር በብርዝ እያራስሁ በላሁት። ጥቁር አዝሙድ ነበረበት፤ ሸጋ ዳቦ ነበር።

ሕዳር ሚካኤል ሲያልፍ ዓይኔ ነጣ። አባቴ መጥቶ ወሰደኝ፤ መገጭን ስንሻገር ምንም አልተሰማኝም። ዴስኩ ላይ ብቻዬን ተቀመጥሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ የጤና ረዳት ያ በሽታ ብዙ ጊዜ በዕረፍት ብቻ ይድናል አለኝ። አልተከራከርሁትም። አያ ተገኘንም በልቤ አልተከራከርኋቸውም። ከሐረር ግን ወሬ መጥቶልኝ አያውቅም። ነጋዴ ሁሉ ጎንደርን እንጂ ሐረርን አያውቅም ነበር።

ትናንት ልጅቱ ተመልሳ መጣች። መልሴ አጭር መሆኑ ከንክኗት ኖሯል።

«እማማ፣ ጥር ላይ በመኪና ልውሰድሽ? መንገዱ እኮ ተሠርቷል፤ ወንዙንም ሳታውቂው ነው የምታልፊው።»

«እሺ» አልኳት። «ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን አውርጂኝ። በእግሬ እሻገራለሁ።»

«ጫማሽ ይረጥባል እኮ!»

«አወልቀዋለሁ» አልኳት።