አዛን የሚሰማበት ቦታ

ኮምቦልቻ ላይ ቤት የሠራንበትን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ሌላ ቦታ ፈልጎ ነበር። እናቴም፣ ያኔ ባይገባኝም፣ ሌላ ቦታ ፈልጋ ነበር። ዛሬ የምኖረው ጂዳ፣ ልጄ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ቤት ባሕርም ዘመንም ለያይቶናል። ግን አንድ ሰው ቤት ሊመርጥ ነው ሲባል በሰማሁ ቁጥር ሐሳቤ ያንን ዳገት ይወጣል።

ጊዜው የደርግ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኮምቦልቻ ከቀን ወደ ቀን ትለጠጥ ነበር። ክረምት ላይ ማሽላ ቆሞበት ያየነው ማሳ በበጋው ችካል ተተክሎበት፣ ሲባጎ ተወጥሮበት እናገኘዋለን። ባለቤቴ ጥገና ክፍል፣ እኔ ፈትል ክፍል በፈረቃ እንሠራ ነበር። የምንኖረው በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። እናቴ ግን አባቴ ከሞተ ወዲህ ደሴ፣ ሆጤ፣ ብቻዋን ቀርታለች። የጦሳ ብርድ ጉልበቷ ላይ ሰፍሮ ስለነበር ወደ ሙቀቱ ውረጂ ብዬ እሑድ በወጣሁ ቁጥር እለምናታለሁ።

«ቤት ሲኖራችሁ እመጣለሁ» ትለኛለች። «አንድ ክፍል ውስጥ ከሙሽሮች ጋር አልተኛም።»

«አምስት ዓመት የሞላን ሙሽሮች?»

«ለእናት ሁልጊዜ ሙሽራ ነሽ፤ አርፈሽ ቤት ሥሪ።»

ከእሷ ግቢ ቀጥሎ የሚኖሩት ክርስቲያን ጎረቤቷ ነበሩ፤ እኔ እትዬ ነበር የምላቸው። በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው የእንጨት አጥር ሰው በጎኑ የሚያልፍባት ክፍተት ነበረች። እትዬ እግራቸውን ስለሚያማቸው ቦኖ ላይ ተሰልፋ የሁለቱንም ውሃ የምትቀዳው እናቴ ነበረች። እኛ ቤት ለእትዬ የሚቀመጥ፣ የእኛ ሥጋ ያልነካው ዕቃ ነበር፤ እሳቸውም ቤት እንዲሁ ለእናቴ። እኔ ስደርስ ሁልጊዜ የማየው ነገር ደግሞ ነበር፤ የሶላት ሰዓት ሲደርስ እትዬ በክፍተቷ ብቅ ይሉና ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣

«ተጠርተሻል፣ ተነሺ!» ይሏታል።

«መጣሁ።»

«በቀን አምስቴ ስትጠሪ እኔ ደከመኝ። ጌታሽ አያሳርፍሽም እንዴ?»

«አንቺስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጾም ስትደርቂ የምትውዪው ማን አስገድዶሽ ነው?»

ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ፤ እናቴ ለሶላት ልትታጠብ፣ ውዱ ልታደርግ ትነሳለች። እኔ ይህን የሁለት አሮጊቶች ጨዋታ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር።

የፋብሪካው ሠራተኞች የቤት ሥራ ማኅበር ሲያቋቁሙ ለአባላቱ ሁለት ቦታ ተፈቀደ። አንደኛው ታች፣ ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ያለው ሜዳ ነው። ሁለተኛው ላይ፣ ከመስጊዱ ሥር ያለው ዳገት። የእትዬ ልጅ ከባለቤቴ ጋር አብሮ ይሠራ ስለነበር ታች ተመዝግቦ፣ ከጎኑ ያለውን ለእኛ እንዲይዙልን ኮሚቴውን ለምኖልናል። እሱም እናቱን ሊያወርድ ነበር። ባለቤቴ ነገሩ ያለቀ መሰለው። እኔ ግን ሳላይ አልፈርምም አልኩ፤ እናቴም ትይ ብዬ ከደሴ በአውቶቡስ አወረድኳት።

ታች ስንደርስ የእትዬ ልጅ ችካሎቹ መሃል ቆሞ ጠበቀን። «እማ፣ እዚህ እኛ፣ እዚያ እናንተ» አላት እናቴን በእጁ እያሳያት። «አጥሩን ስናጥር እንደ ሆጤው ክፍት እንተዋለን። እናቴ እሱ ከሌለ አልወርድም ብላለች።»

እናቴ ሳቀች። መሬቱን በእግሯ እየረገጠች ዞረችው፤ ለጥ ያለ ነበር።

«አዛን ከዚህ ይሰማል?» አልኩት።

ልጁ ራሱን አከከ። «ወንዙም አለ፣ ፋብሪካውም አለ። እውነቱን ለመናገር ልብ ብዬ አላውቅም፣ እቴ።»

የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ እስኪደርስ እዚያው ቆየን። የፋብሪካው ጉርምርምታ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሰዓቱ አለፈ፤ ምንም። ያን ጊዜ ልቤ ቆረጠ። እናቴን አዛን ወደማይሰማበት ሜዳ አላመጣትም ብዬ እሷንና ባለቤቴን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ከሰዓት በኋላ የዐስር አዛን ተነሳ፤ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ደረሰኝ። ዕንባዬ መጣ።

«ሰማሽ እማዬ?»

እናቴ ትኩር ብላ ፊቴን አየችው። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

«ቦታ የምንመርጠው ለጆሮ ነው ለኑሮ?» አለ ባለቤቴ።

«ለአኺራ ነው፤ ለወዲያኛው ዓለም» አልኩት ኮስተር ብዬ። እሱ ሰው ሲኮሳተርበት አይወድም፤ ቀድሞን ቁልቁል ወረደ።

ስንወርድ እናቴ ክንዴን ይዛ፣ «ታች ያለው ለጥ ያለ ነው» አለችኝ።

«ዳገቱም እስኪለመድ ነው፤ አብሽሪ።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለች። ስለ ቦታው ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

በዓመቱ በጭቃና በቆርቆሮ ቤታችንን ሠርተን ገባን፤ እናቴም ወረደች። ሙቀቱ ጉልበቷን አላቀቀላት። ጎረቤቶቻችን ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ግን ሁሉም እንደኛ በፈረቃ የሚሮጡ፣ ገና ስማቸውን እንኳ የምንለማመደው ነበሩ። እናቴ ቀን ቀን በር ላይ መቆም አበዛች። ከሥራ ስገባ እዚያው ቆማ አገኛታለሁ።

«ሰው ወደ መስጊድ እየሄደ ነው?» ትለኛለች።

«አዛን ካለ ቆየ እኮ፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ። ሰው ማየት ደስ ስለሚለኝ ነው።»

አንዳንዴም ሰግዳ እንደጨረሰች ትንሽ ትቆይና ያንኑ ሶላት እንደገና ትሰግዳለች። ዕድሜዋ ሲገፋ ኢባዳዋ በዛ ብዬ ደስ አለኝ፤ ፈትል ክፍል ላሉት ጓደኞቼም በኩራት አወራሁ። በር ላይ መቆሟን ግን አልወደድኩላትም፤ ምን ትላለች የሚል እንዳይኖር ብዬ ገሠጽኳት። ከዚያ ወዲያ በመስኮት ታይ ጀመር።

እትዬም በዚያው ወራት ታች ልጃቸው ዘንድ ወርደው ነበር። አንድ እሑድ በሽሮ ሜዳ ነጠላቸው ተሸፋፍነው፣ ዳገቱን በዱላ እየተደገፉ፣ እያረፉ እያረፉ መጡ። «መንግሥተ ሰማያት የወጣሁ መሰለኝ» አሉ በሩ ላይ ተደግፈው። «አንቺን ፍለጋ እኮ ነው የጸደቅሁት።» እናቴን እንደዚያን ዕለት ስትስቅ ካየኋት ብዙ ቆይቼ ነበር። ጎን ለጎን ተቀመጡና ስለ ሰኞ ገበያ፣ ስለ ሆጤ ሰው ያነሱ ይጥሉ ጀመር።

ወሬው መሃል የዐስር አዛን ተነሳ። እናቴ ማውራቷን አላቆመችም። እትዬ ግን ቀና አሉና በሁለት ጣታቸው የእናቴን ጉልበት ነካ አደረጉት። እናቴ ንግግሯን ከመሃል አቋርጣ፣ ማን ነገረኝ ሳትል፣ ተነስታ ማሰሮዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

እኔ ባለሁበት ቀረሁ። «እትዬ፣ ምን አሏት?»

«ተጠርተሻል አልኳት ነዋ። ድሮ በአፌ ነበር፤ አሁን አፌንም ካላየች አትሰማም።»

«እንዴት አትሰማም?»

«አታውቂም እንዴ አንቺ ልጅ? ፊት ለፊት ላልሆነ ሰው ጆሮዋ ከተደፈነ ስንት ዘመኑ። ሆጤም እያለን እኔ ነበርኩ የምጠራት።» ከዚያ ፊቴን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የነገረችሽ መስሎኝ።»

እናቴ ሰግዳ ስትመለስ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

እትዬን በዓይኗ ወቀሰቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያን ቀን አዛኑን ስትሰሚ ፊትሽ እንዴት እንደበራ አንቺ አላየሽውም። እኔ አየሁት። ምን ብዬ ላጥፋው?»

«ሁለቴ የምትሰግጂውስ?»

«ሰዓቱ ሳይገባ ሰግጄ እንዳይሆን ብዬ ነው። ሰው ሲሄድ ካየሁ አንዴ ይበቃኛል።»

በር ላይ እንዳትቆም የከለከልኳት እኔ ነበርኩ።

ባለቤቴ በማግስቱ ኮሚቴው ዘንድ ሄደ። ታች ያለው ቦታ ለሌላ አባል ተሰጥቶ ግድግዳው ቆሟል፤ የእኛም ቆርቆሮ ለብሷል። ቤት አንስቶ መሄድ አይቻልም። እኔ እቤት ስሆን ጉልበቷን ነካ ማድረግ ያዝኩ። ፈረቃ ስገባ ግን ማንም የለም። ለጎረቤት ልንገር ስላት «ደንቆሮ አሮጊት ወረደችብን እንዲሉ ነው?» ብላ አስማለችኝ። በበጋ ወደ እትዬ ትወርዳለች፤ እዚያ ውላ፣ እትዬ ከመስጊድ የሚመለስ ሰው ጠይቀው ሲነኳት እዚያ ሰግዳ፣ አመሻሽ ላይ ባለቤቴ ይዟት ይመጣል። ፊቷ በርቶ ትገባ ነበር። ክረምት ሲሆን የዳገቱ ጭቃ ሳሙና ነው፤ መውረድ ቀረ። ያኔ እንደገና በመስኮት ታይ፣ ሁለት ሁለቴም ትሰግድ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት አለፈች። እትዬን ልጃቸው አዝሎ ዳገቱን አወጣቸው። እናቴ ትቀመጥበት ከነበረው ምንጣፍ አጠገብ፣ ቦታዋን ክፍት ትተው ተቀመጡ። ጀምበር ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ሲነሳ እጃቸው ወደ ጎን ተዘረጋ፤ መሃል ላይ ቆመ፤ ቀስ ብለው ወደ ነጠላቸው መለሱት። ከእኔ በቀር ያየ ያለ አይመስለኝም።

ያ ቦታ መጥፎ ነበር አልልም። አዛን የሚሰማበት ቤት መመኘትም ኃጢአት አይደለም፤ ኒያዬን፣ የልቤን ሐሳብ፣ አላህ ያውቀዋል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስንት ሰዓት ሙሉ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የቆመችው ሴት ምን እንደምትፈልግ አንዴ ዞሬ አልጠየቅኳትም። «ታች ያለው ለጥ ያለ ነው» ስትለኝ መሬቱን ብቻ የነገረችኝ መሰለኝ።

በቅርቡ ልጄ የተከራየችው ቤት ጠቧት ሌላ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ጽዱ፣ ሰፊ። መስኮቱን ከፍታ ሚናራውን አሳየችኝ።

«ፊት ለፊት ማን ነው የሚኖረው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ እማዬ። እዚህ አገር ማን ማንን ያውቃል?»

ወጥቼ የፊት ለፊቱን በር እንደ ሥርዓቱ ሦስቴ አንኳኳሁ። ከውስጥ የሰው ኮቴ ይሰማል፤ የከፈተ ግን የለም። ልጄ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

«ነይ እማዬ፣ ሰው አታስቸግሪ» አለችኝ። «እዚህ እኮ አዛኑ ጥርት ብሎ ይሰማል።»