ሸራ የለበሰው ውሃ

ዲላ ውስጥ ባህሩዲን ኸድሩን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነበር፤ ባህሩዲን የሚያምነው ሰው ግን ከዚያም ያንስ ነበር። ከስልጤ በልጅነቱ መጥቶ፣ በሱቅ ተላላኪነት ጀምሮ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና እስከመግዛት የደረሰው ሰውን ባለማመኑ እንደሆነ አጥብቆ ያምናል። የቆለፈውን በር ተመልሶ ይነካዋል። ሰላም ያለውን ሰው «ምን ፈልጎ ይሆን?» ብሎ ከኋላው ያየዋል። በደርግ ዘመን ደግሞ ይህ ጠባዩ ብልህነት ተባለለት፤ ማን ለማን እንደሚያወራ በማይታወቅበት ከተማ፣ አፉን የያዘ ቤቱ ያድር ነበር።

ሚስቱ ጀሚሊያ ከሞተች በኋላ የቀረችው አንዲት ልጅ ሱራያ ነበረች። ሱራያን በጨቅላነቷ ትኩሳት ያዛት፤ ሲለቃትም እግሮቿን አልምሾ ተዋት። ለትምህርት በደረሰችበት ዓመት ሲስተር አሰፋች የምትባል የሆስፒታል ነርስ እግሯን እያጠፈች እየዘረጋች አየችና እንዲህ አለችው፦

«ጋሽ ባህሩ፣ ይህ እግር አልሞተም። እሷን መሸከም ነው ያቃተው። ውሃ ይሸከምላት። ደረቷ በሚደርስ ውሃ ውስጥ በየቀኑ ትንቀሳቀስ። እንዲሁ ከተዋችኋት ግን ጉልበቷ እንደታጠፈ ይደርቃል።»

ባህሩዲን አመሰገናት። መንገድ ላይ ግን «ይህችስ ምን አግኝታበት ነው?» እያለ ሲያሰላስል ቤቱ ደረሰ።

ወደ ለገዳራ ወንዝ እንዳይወስዳት፣ ድንጋዩ ጤነኛውንም ያንሸራትታል። ግቢው ውስጥ እንዳይቆፍር፣ በዚያ ዘመን ነጋዴ ግቢውን ቆፈረ ማለት ወይ መሣሪያ ወይ ቡና ቀበረ ማለት ነው። እንግዲህ መዋኛው ከመሬት በላይ መቆም ነበረበት። እንዲህ ያለ ነገር የሚሸጥ ሱቅ ዲላ ውስጥ የለም፤ በእጁ ያለውም ለመኪናው ጎማ ያስቀመጣት ጥሪት ብቻ ነበረች።

መጀመሪያ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ጪጩ ወረደ። ይርጉ የሚባል ብረት ሻጭ ከወደቀ ቦቴ ላይ የቆረጠውን ግማሽ ታንከር በመዳፉ ጓ አደረገና፣ «ይኸውልህ፣ የራስህ ሐይቅ!» አለው።

ባህሩዲን ጎንበስ ብሎ ገባና አሸተተ። «ናፍጣ ናፍጣ ይላል።»

«በኦሞ አጥቤዋለሁ እኮ!»

«ካልሸተተ ለምን አጠብከው?»

«ወይ ጋሽ ባህሩ! አንተ ጀነት ብትገባ፣ በሩን ማን ሠራው ሳትል አትቀመጥም።»

ትቶት ሄደ። ቀጥሎ ያነጋገረው ግንበኛ ከመሬት በላይ ገንዳ እንደሚገነባለት ነገረውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲሚንቶውን በጎን አመጣልሃለሁ» አለው። ባህሩዲን የሚጮህ ሰው አይፈራም፤ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ግን ያስበረግገዋል። ነገ «ከየት አመጣኸው?» የሚሉት ሰዎች ዛሬ የላኩት ቢሆንስ? ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

የቀረው ጓንጉል ነበር፤ የጭነት መኪና ሸራ ሰፊው። ሥራው የተመሰገነ ነው፤ ሱቁ ግን ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሆነና ባህሩዲንን እረፍት ነሣው። ቢሆንም ከሦስቱ የሚቀለው ዋጋ የእሱ ነበር። ባህሩዲን ሸራውን በድርብ ስፌት ካሰፋ በኋላ እዚያው ሱቁ ውስጥ አንዱን ጥግ ውሃ ሞልቶ ቋጠረ፤ ጣራ ማገር ላይ ሰቀለውና ከሥሩ አመድ ነሰነሰ። በማግሥቱ አመዱ ላይ የጠብታ ምልክት አልነበረም።

«ረካህ?» አለው ጓንጉል።

«አመዱን አልነካካህም?»

«አልነካካሁም፤ ምላሴን ግን ነክሻለሁ።»

ባህሩዲን ከመኪናው ያረጀውን ስፖንዳ፣ የጭነቱን የጎን አጥር፣ ፈትቶ ጣውላውን ዙሪያውን አቆመ፤ በባህር ዛፍ ደገፈው፤ ሸራውን ውስጡ ዘረጋ። የመስከረም ዝናብ በቆርቆሮው አሸንዳ እየወረደ ሞላው። እህቱ ረህማ ሱራያን አቅፋ ስታስገባት ልጅቱ መጀመሪያ አለቀሰች፤ በሳምንቱ ግን አልወጣም ብላ አስቸገረች። ባህሩዲን ግን ውሃውን ያየ ሁሉ ልጅቱን ሊያይ እንዳይሰበሰብ የሰው ዓይን ፈራላት። እሷ ስትወጣ ውሃውን በሌላ ሸራ ያለብሰዋል፤ እጁ የለመደው የጫኝ አስተሳሰር ነውና፣ ወርቃ ገጠር ወጥቶ ቡና እንደሚጭን ሰው በገመድ ግራና ቀኝ ይጠፍረዋል።

«ወንድሜ፣ ውሃ እኮ ነው፤ አይሸሽም» ትለዋለች ረህማ።

«አንቺ ዝም በይ።»

ቡና በሚለቀምበት በኅዳር አንድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀ መንበር ወልደዮሐንስ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ግቢው ገባ። አንደኛው ኬላ ላይ ጆንያ ወግተው ቡና የሚቀዱበትን ሹል የብረት ቱቦ ይዟል። በዚያ ወራት ቡና ደብቆ የተገኘ ነጋዴ ወኅኒ ይወርድ ነበር።

«ጓድ ባህሩዲን፣ ለማን ነው የጫንከው?» አለ ወልደዮሐንስ፣ ስፖንዳውን፣ ሸራውንና ገመዱን በየተራ እያየ።

«ውሃ ነው።»

ጠባቂዎቹ ሳቁ። «ውሃ ተጠፍሮ አይተህ ታውቃለህ?» አለ አንዱ ለባልንጀራው።

«ፍታው» አለ ወልደዮሐንስ።

መፍታት ነበረበት። እሱ ግን፣ «ማን ነው የነገራችሁ?» አለ።

ያ ጥያቄ ነገሩን አበላሸው። ባለ ቱቦው ጠባቂ ምላሽ አልጠበቀም፤ ብረቱን በሁለት ጣውላ መካከል አስገብቶ ወጋ። ውሃው በቱቦው ፈንጥቆ እጅጌው ውስጥ ገባ። ደንግጦ ሲነቅለው ቀዳዳው ቁልቁል ተተረተረ። ባህሩዲን ሮጦ ጡጫውን ወተፈበት፤ ግን አላቆመውም። ውሃው ግቢውን አጥለቅልቆ በወልደዮሐንስ ጫማ ላይ ሄደ።

ሱራያ በእጇ እየተሳበች ደጃፍ ወጥታለች። «አባባ! ውሃዬ!»

ወልደዮሐንስ ልጅቱን አየ። ቀጫጭን እግሮቿን አየ። «አስቀድመህ ብትፈታው ምን ነበረበት?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ሰዎቹን ይዞ ወጣ።

ማታውን ጓንጉል ሳይጠሩት መርፌውንና ሰሙን ይዞ መጣ። ባህሩዲን በሩ ላይ ቆመበት።

«አንተ ነህ የጠቆምከው?»

«እኔ ብሆን ለመስፋት እመጣ ነበር?»

«ጠቋሚ ከሆንክማ መምጣትህ አይቀርም።»

«እንግዲያው ገብቼ ልስፋና ጠርጥረኝ» አለና ገባ።

ማን እንደጠቆመ ባህሩዲን እስኪሞት አላወቀም። ያወቀው አንድ ነገር ነው፤ ካለበሰው ዳግም ይወጉታል፤ ካላለበሰው ውሃውን ያየ ሰፈር ሁሉ ልጁን ሊያይ ይመጣል። ሁለት ሌሊት ተገላበጠ። ዝናቡ አብቅቶ ነበርና መዋኛውን በአህያ ከቦኖ አስቀድቶ ሞላ፤ የላዩን ሸራም መኪናው ላይ መልሶ አጠፈው።

ሱራያ ስትገባ አጥሩ ላይ ራሶች ተደረደሩ። ባህሩዲን ፊቱን ወደ አጥሩ አድርጎ፣ እንደ ዘበኛ ቆሞ አንድ በአንድ ያያቸዋል። ይህ ምን ሊቆጥር መጣ? ያቺስ ለማን ልታወራ ነው?

«እግሯን አነሣች!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ተሰማ።

ባህሩዲን ድምፁ የማን እንደሆነ በዓይኑ ፈለገ። አንዲት የማያውቃት ሴት ናት፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች።

«አባባ፣ አላየህም እኮ!» አለችው ሱራያ፣ ልታለቅስ ቃጥቷት።

ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ ጣውላው ላይ በክርኑ ተደገፈ።

«ድገሚልኝ» አላት። «አያለሁ።»