ትልቁ ዶክተር «ደህና ናት» ካሉ በኋላ

ቁጣዬን መዋጥ የማልችል ሴት ነኝ። ኮልፌ ውስጥ የልጆች ልብስ የምሸጥባት ኮንቴነር ሱቅ አለችኝ፤ ደንበኞቼ ሁሉ ምላሴን ያውቁታል። ባለቤቴ «አንቺ እኮ መጀመሪያ ትጮሂያለሽ፣ ከዚያ ነው የምትሰሚው» ይለኛል። ወላሂ አልዋሸም። ይህንን አስቀድሜ የማወራው ሆስፒታል ውስጥ ያደረግኩትን ስትሰሙ እንዳይገርማችሁ ብዬ ነው።

የመጨረሻዋ ልጄ የመጣችው ወልጄ ጨርሻለሁ ብዬ እጄን ካጠብኩ በኋላ ነው። ታላላቆቿ አድገዋል፤ የመጀመሪያው ጢም አብቅሏል። ስለዚህ ቤቱ ሁሉ የእሷ ተሸካሚ ሆነ። አባቷ ሲገባ እጇን ትዘረጋለች፣ ወንድሟ ሲገባ እጇን ትዘረጋለች። ከሱቅ እስከ ቤት ያለችውን አጭር መንገድ እንኳ አትጨርሳትም፤ መሀል ላይ ቁጢጥ ብላ «እማ፣ እዘይኝ» ትላለች። «አቤት ሞልቃቃ!» እንላለን። እኛም ስቀን፣ እሷም ስቃ፣ ትታዘላለች።

ጉንፋን ግን አይለቃትም ነበር። ሳሉ ሄደ ስንል ይመለሳል፣ ትኩሳቱ በረደ ስንል ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ መድኃኒት ይሰጡናል፣ ይሻላታል፣ ደግሞ ይነሳባታል። አራት ዓመት ሊሞላት ሲል ይባስ ብሎ ኪሎዋ አልጨምር አለ። እኔ የምሸጠው የእኩዮቿ ልብስ እሷ ላይ ይንጠለጠላል። በመጨረሻ የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ይሄ ሳል እየተመላለሰ ያስቸገራት በምን እንደሆነ የልጆች ስፔሻሊስት ይያት» ብላ ወደ ሆስፒታል ላከችን።

እንግዲህ «ስፔሻሊስት» የሚለውን ቃል ይዤ ነው የወጣሁት። ሱቄን ዘግቼ፣ ልጄን በሹራብ ላይ ሹራብ፣ በዚያ ላይ ጃኬት ደራርቤ፣ በጠዋት ጦር ኃይሎች ወርደን ሌላ ታክሲ ያዝን። ካርድ አወጣን፣ ተመዘነች፣ ተቀመጥን። የሕፃናት ተመላላሽ ክፍል ኮሪደር ላይ ለሕፃን ልጅ የሚሆን ቦታ ጠፍቶ እናቶች ቆመው ያጠባሉ። ልጄ ጭኔ ላይ ተኛች። ተራችን ደርሶ ስንገባ ጠረጴዛው ላይ የጠበቀችን ልጅ እግር ሴት ናት። ጋውኑ ሰፍቷታል፤ አይኗ እንቅልፍ እንደራበው ያስታውቃል።

«ዶክተሩ የታለ?» አልኳት።

«እኔ ነኝ፣ ይቀመጡ።»

«ስፔሻሊስቱን ነው የምልሽ።»

ፈገግ አለች። ሬዚደንት እንደሆነች ነገረችኝ። ሐኪምነቱን ተምራ ጨርሳለች፣ ሠርታበታለች፤ አሁን ደግሞ የልጆች ስፔሻሊስት ለመሆን እዚያው እያከመች ትማራለች። ክፍሉ ውስጥ እንደሷ ያሉ ሌሎችም በየጠረጴዛው ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ ደግሞ ፀጉራቸው የሸበተ አንድ ትልቅ ሐኪም አሉ፤ አስተማሪያቸው ናቸው። «መጀመሪያ እኔ አያታለሁ፣ ከዚያ እሳቸውም ያዩዋታል» አለችኝ።

«እና ልጄ መማሪያ ልትሆን ነው?» አልኩ፣ ኮሪደር ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ጥያቄዋን ጀመረች። የጥያቄው ብዛት! ፖሊስ ጣቢያ የገባሁ ነው የመሰለኝ። በስንት ወሯ ተወለደች? ስትጠባ ያልባት ነበር? እያረፈች ነው የምትጠባው? ከእኩዮቿ ጋር ትሮጣለች? ደረጃ ስትወጣ ትቆማለች? እኔ ስለ ሳል ልናገር ነው የመጣሁት፣ እሷ ስለ ሩጫ ትጠይቀኛለች።

«አትሮጥም፣ ሞልቃቃ ናት» አልኩ።

እስክሪብቶዋ ቆመ። «እንዴት ነው ሞልቃቃ?»

ስለ መታዘሉ ነገርኳት። እየሳቅኩ ነበር የነገርኳት። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ልብሷን ያውልቁላት አለችኝ። «በዚህ ብርድ?» ብዬ ደግሞ ተነሳሁባት። ጃኬቱም ሹራቡም ወለቀ፤ ልጄ ደረቷን ራቁት ሆና ስትቀመጥ የጎድን አጥንቷ ይታያል። ሐኪሟ የማዳመጫውን ጫፍ መዳፏ ውስጥ ይዛ አሞቀችው፣ ከዚያ ደረቷ ላይ አሳረፈችው። አስቀምጣ ሰማች፣ አስተኝታ ሰማች፣ መልሳ አስቀመጠቻት። ወደ ግራ ታደርገዋለች፣ ወደ ላይ ታደርገዋለች፣ እዚያው ትመለሳለች። ጤና ጣቢያ ማንም እንደዚህ ቆይቶባት አያውቅም። ሲፈራ የሚያለቅስ አለ፤ እኔ ስፈራ ነው የምቆጣው። «ምኑን ነው የምትፈልጊው? ካላወቅሽው ትልቁን ጥሪያቸው!» አልኳት።

«እጠራቸዋለሁ» አለች፣ በቀስታ።

የትልቁ ዶክተር ልማድ እንዲህ ነው፤ በኋላ ስመላለስ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ተማሪው ያየውን ሁሉ እናትየው ፊት ቆሞ ይነግራቸዋል፤ ያውም በአማርኛ። ከመሀል እንግሊዝኛ ሲገባበት «እናትየዋም ይስሙ እንጂ» ብለው ያቋርጡታል። ከዚያ ተራ በተራ «ለምን እንደዚያ አልክ?» ይላሉ። የሚንተባተብ አለ፣ ላብ የሚያሰምጠው አለ። ወይ ጣጣ፣ ይሄም ትምህርት ነው እላለሁ ዛሬ። ያን ቀን ግን በሆዴ «ቶሎ ጨርሱና ልጄን አልብሱልኝ» ነበር የምለው።

ሲመጡ ሐኪሟ ነገረቻቸው። ስለ ሳሉ፣ ስለ ኪሎዋ፣ ስለ መታዘሉ። መጨረሻ ላይ ድምጿ ቀነሰ። «ልቧ ላይ የሰማሁት ነገር ያለ ይመስለኛል» አለች።

ልብ! እኔ የመጣሁት ለሳል ነው።

ትልቁ ዶክተር ጎንበስ ብለው ሰሙ። ክፍሉ ገበያ ነው፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሕፃን ይጮኻል፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እናት ትናገራለች፣ በመስኮቱ የታክሲ ረዳቶች የ«አስኮ! አስኮ!» ጩኸት ይገባል። ትንሽ ቆዩና ቀና አሉ። «ልቧ ደህና ነው። ደረቷን እንከምላት፣ ከወር በኋላ ትመለስ» አሉ።

አልሐምዱሊላህ! «እድሜ ይስጥዎ ዶክተር፣ አላህ ልጆችዎን ያሳድግልዎ» ብዬ መረቅኳቸው። ያንን ሹራብ እያለበስኩ ሐኪሟን ደግሞ ገላመጥኳት፤ «ሰው እንዲህ ያስደነግጣሉ?» ነው ግልምጫው። እጅጌ አስገብቼ ሳልጨርስ፣ ትልቁ ዶክተርም ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሲዞሩ፣ ሐኪሟ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ። አንዴ አስተኝተው ይስሙልኝ።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ቀና አሉ። እኔማ እሳት ሆንኩ። «አንቺ ምን አገባሽ! አስተማሪሽ ደህና ናት ሲሉ አንቺ በግድ ልታሳምሚያት ነው? መለማመጃ ፈልገሽ ከሆነ ሌላ ልጅ ፈልጊ!»

ፊቷ በርበሬ መሰለ። ግን አልተቀመጠችም። «ሁለተኛው የልቧ ድምፅ ለሁለት የተሰነጠቀ መሰለኝ» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ። «ስትተነፍስም አይቀየርም። ከላይ ደግሞ ቀጭን የሹክሹክታ ድምፅ አለ። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል።»

አሁን ይቆጧታል ብዬ ጠበቅኩ። እውነቱን ለመናገር ቢቆጧትም ደስ ይለኝ ነበር። ሰውየው ግን እጃቸውን ወደ እኔ አንስተው «እናቴ፣ አንድ ጊዜ ይታገሱኝ» አሉ። ሄደው መስኮቱን ዘጉ። «ሁላችሁም፣ እስቲ ለአፍታ ዝም እንበል» አሉ። የምታለቅሰውን ሕፃን እናቷ ጡት አጎረሰቻት። ሹራቡን አውልቀው ልጄን ራሳቸው አስተኟት፣ «የኔ እመቤት፣ ትንሽ ብቻ» አሏት፣ አይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ ያንን ዝምታ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። የጃኬቷን ዚፕ ይዤ፣ ያ ረቢ፣ ምንም እንዳይሰሙ አድርግልኝ እላለሁ።

አይናቸውን ገለጡ። ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወጡ።

«ልክ ነሽ» አሏት። «እኔ አልፌው ነበር።»

በአማርኛ ነው የተናገሩት። ተማሪዎቻቸው ፊት፣ እኔ ፊት። እንግሊዝኛውን ቢያመጡት እኮ ማን ይሰማቸው ነበር? እኔ ሱቄ ውስጥ መልስ እንኳ ተሳስቼ ብሰጥ «ቆጥረህ አልተቀበልክም» ብዬ ገጥሜ የምከራከር ሴት ነኝ። ሽበታቸውን ይዘው «አልፌው ነበር» ያሉበት አንደበታቸው ይባረክ፤ ዛሬም ድረስ ሳስበው ይገርመኛል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ልቧ ውስጥ፣ በላይኞቹ ክፍሎች መሀል፣ ከተወለደች ጀምሮ ያልተዘጋ ቀዳዳ ሊኖር እንደሚችል፣ በልብ አልትራሳውንድ እንደሚረጋገጥ ነገሩኝ። የሚደክማትም፣ ደረቷ የሚመላለስባትም በዚሁ ሊሆን ይችላል አሉኝ። «ይደፈናል» አሉኝ። «በጊዜው ሲገኝ ይደፈናል። ሲቆይ ነው ሳንባዋን የሚጎዳው፤ ሳንባዋ ከተጎዳ በኋላ ግን መድፈንም አይቻልም።»

«ሌሎቹም ይስሟት? ይፈቅዳሉ?» አሉኝ ቀጥለው። «ይሄን ድምፅ አንዴ በደንብ የሰማ ሐኪም ሌላ ልጅ ላይ አያልፈውም።»

መማሪያ አትሆንም ብዬ የጮህኩት እኔው ነኝ። አሁን ግን ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩ። ተማሪዎቹ ተሰልፈው መጡ፤ እያንዳንዱ ማዳመጫውን በመዳፉ አሙቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ሰማ። ልጄ የሚኮረኩሯት መስሏት ትስቃለች። እኔ ግድግዳው ላይ ተደግፌ አለቅሳለሁ። ያቺ ሐኪም መጥታ አጠገቤ ቆመች። ይቅርታ ግን አላልኳትም፣ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። እሷ ራሷ ናት ልጄን መልሳ ያለበሰቻት።

አልትራሳውንዱ ቀዳዳውን አሳየ። ትልቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የወረፋ ጊዜ ነው፣ የዱዓ ጊዜ ነው። በየቀጠሮው እዚያው ክፍል እንመለሳለን፤ ያቺው ሐኪም ትቀበለናለች፣ ኪሎዋን ታያለች፣ ደረቷን ትሰማለች፣ ተራችን የት እንደደረሰ ደውላ ታጣራልናለች። ጎረቤቶቼ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሱቄን በየተራ ይጠብቁልኝ ነበር፤ ውለታቸውን አላህ ይክፈላቸው። ቀኑ ደርሶ፣ ደረቷን እንኳ ሳይከፍቱ፣ በብሽሽቷ በኩል በደም ሥሯ ገብተው ቀዳዳውን ደፈኑላት። ከአልጋ ወርዳ ትንሽ ስትጠነክር ከልጆች ጋር ግቢያችን ውስጥ መሮጥ ጀመረች። አባቷ «ቀስ በይ!» እያለ ይከተላታል፤ ይደክመዋል፣ እሷ አይደክማትም።

ለመጨረሻው ቀጠሮ ስንሄድ ሐኪሟም ትምህርቷን ልትጨርስ ነበር፤ ወደ ክፍለ ሀገር ልትመደብ ነው አሉ። ታክሲ ውስጥ የምላትን ስደረድር ሄድኩ። ሳያት ሁሉም ጠፋብኝ። አቅፌ ሳምኳት። «የኔ ልጅ፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ከዚያ ያ ሁሉ ጊዜ ውስጤ የሚመላለሰውን ጠየቅኳት።

«አስተማሪሽ ደህና ናት ብለዋል። እኔ እንደዚያ እየጮህኩብሽ ነው። ዝም ብትይ ማን ይጠይቅሽ ነበር? ለምን ተነሳሽ?»

«ኧረ በጣም ፈርቼ ነበር» አለች፣ እየሳቀች። «እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደግሞ እኮ እርግጠኛም አልነበርኩም።» ከዚያ ሳቋን ተወች። «ግን አየሁዎት። እያለበሷት ደስ ብሎዎታል። ዝም ብል እኮ ደስ ብሎዎት ነው የሚሄዱት። እሱ አስፈራኝ።»

እውነቷን ነው። ማንም አልበደለኝም፣ ማንም አልዋሸኝም ብዬ፣ ትልቁን ዶክተር መርቄ፣ እሷን ገላምጬ፣ ልጄን አዝዬ በደስታ ነበር ከዚያ ክፍል የምወጣው። ተሰናብቻት ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አንዲት እናት ተጠግታ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀምጬ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል፣ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።