ዓይናችሁን ጨፍኑ ሲለን ጸለይን

ረቡዕ፣ ከዲላ ወደ ሀዋሳ

ከዲላ የተነሳሁት ወረቀት ፍለጋ ነው። የምሠራው ቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ መሬት ላይ ተቀምጠን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው እንለቅማለን። ማታ ስንነሳ ወገባችን እሺ አይልም። ባለፈው ክረምት ዮጋ የሚባለውን እንቅስቃሴ ከስልክ ላይ አይቼ ለራሴ ጀመርኩ። ወገቤን ሲቀለኝ አጠገቤ የሚቀመጡት ሴቶች አሳዪን አሉኝ፤ ሳላስበው የምሳ ሰዓት አስተማሪ ሆንኩ። ሰው ፊት ስሜን መናገር እንኳ ያሳፍረኛል። ከእነሱ ጋር ጓሮ ውስጥ ስሆን ግን ድምፄ ይወጣል።

ሥራችንን የሚቆጣጠረው ካቦአችን ከለከለን። አንዷ ወገቧን ብትጎዳ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ የተማርሽበትን ወረቀት አምጪ፣ አለዚያ በቃ አለኝ። በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት እትዬ አስካለ ወደ ጎን ጠሩኝና፣ “ሂጂ አምጪልን የኔ ልጅ። እኔ ያለ እሱ ማታ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማውለቅ አልችልም” አሉኝ። ሀዋሳ ውስጥ “ለጀማሪዎችና ለአስተማሪዎች” የሚል የሦስት ቀን ሥልጠና መኖሩን በስልክ አይተን ነበር። በመጨረሻው ቀን ወረቀት ይሰጣል ይላል።

ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ጭኔ ላይ የታጠፈውን ጆንያ አይቶ፣ “እህት፣ ቡና ከሆነ የጭነት ትከፍያለሽ” ብሎ ቀለደብኝ። ባዶ መሆኑን ዘርግቼ አሳየሁት። ዮጋ የምሠራበት ምንጣፌ ነው ማለት አፈርኩ። አለታ ጩኮ ስንደርስ አናናስ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት፤ ባዶ እጄን እንዳልገባ ሁለት ገዛሁ። ከዚያ እንሰትና ቡና ግራና ቀኝ እያየን፣ ሀዋሳ ልንገባ ስንል ቱላ ደረስንና ወረድኩ። የአክስቴ ልጅ አስቴር የምትኖረው እዚያ ነው። መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ወገቧን ያማታል፤ ስለዚህ እሷም ለሥልጠናው ተመዝግባ ነበር።

ሐሙስ፣ ሐይቁ ዳር

በማለዳ በባጃጅ ሄድን። ሥልጠናው ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ግቢ፣ ሣር ላይ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች እንደ ዘበኛ በየጥጉ ቆመዋል። ከፊት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባለቀለም ምንጣፋቸውን አንጥፈዋል። ከኋላ እኛ አለን፤ ከቱላና ከታቦር የመጡ፣ አብዛኞቹ በቤተ ክርስቲያን የሚተዋወቁ ሴቶች። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ቁሙ አለን። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ፣ ከሆዳችሁ ተንፍሱ አለን።

ለማያውቀን አንባቢ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። እኛ ጴንጤዎች ተሰብስበን አንድ ሰው “ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ እጃችሁን አንሱ” ካለን የምናደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን፣ ጮክ ብለን እንጸልያለን። ስለዚህ ጸለይን። አስቴር በሲዳምኛ ጀመረች፤ ሌሎቹ ተከተሉ። እኔም ሳይታወቀኝ ለእትዬ አስካለ ወገብ እየጸለይኩ ነበር። አንዷማ አለቀሰች። አባ ኮዳዎቹ ደንግጠው በረሩ።

ዓይኔን ስገልጥ አሰልጣኙ ስልኩን ደግኖ ይቀርጸናል። ከፊት ያሉት ይስቃሉ። “እናቶች፣ ጉባኤው እዚህ አይደለም” አለ።

መሳሳታችንን አልክድም። በደንብ ቢያስረዳን ኖሮ እኛም አብረን እንስቅ ነበር። ያናደደኝ መቅረጹ ነው። የሚጸልይ ሰው አይቀረጽም። ከዚያ በኋላ ስማችን “ጸሎቶቹ” ሆኖ ቀረ። ጸሎቶቹ ጉልበት! ጸሎቶቹ ወደ ኋላ! እያንዳንዷ ጥሪ ፊቴ ላይ እንደ ጥፊ ታርፍ ነበር፤ እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ያለኝን እሠራለሁ።

ምሳ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው አሳ ገበያ በላን። አሳው ዋጋው እንደ መጠኑ ነው፤ መካከለኛ ጥብስ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ዳጣው ግን ያስለቅሳል። አስቴር፣ “ተይው፣ ወረቀትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ” አለችኝ። አጥንቱን እየለቀምኩ እሺ አልኩ።

ስሙን በከንቱ አላጠፋም፣ የሚጠቅም ነገርም አስተምሮናል። ስንጎነበስ አየር እንድናስወጣ፣ ስንቃና እንድናስገባ፣ ትንፋሽ ይዘን እንዳንታገል። በእጅና በጉልበት ቆመን ጀርባችንን እንደ ድመት ማጉበጥና ማርገብ። ማታ ቱላ፣ አስቴር ቤት፣ ይህንኑ ደገምነው፤ ልጆቿ ሆዳችን ሥር እየተሽሎከለኩ አስቸገሩን።

ዓርብ

ጠዋት አስቴር ወገቧን እንደሚያማት ሄዳ ነገረችው። ዮጋ ያድንልሻል ብሎ አለፈ።

እግራችንን ዘርግተን ወደ ፊት ስንጎነበስ በየመሃላችን እየዞረ ጀርባችንን በመዳፉ ይጫናል። ተራው አስቴር ዘንድ ሲደርስ የሚያስፈራ ድምፅ አወጣች። “ትንሽ ይቀርሻል” አላትና ደግሞ ተጫናት። አስተማሪን እምቢ ማለት አልለመድንም፤ እሷም ጥርሷን ነከሰች።

“ይተዉአት” አልኩ።

“ማነው?”

“ያማታል። ጠዋት ነግራዎታለች።”

እጁን ሳያነሳ ዞሮ አየኝ። “አሰልጣኝ ነሽ አንቺ? ስንተኛ ክፍል ነው የተማርሽው?”

“ስድስተኛ።”

ከፊት ሳቅ ተሰማ። “እንግዲያው ጆንያሽ ላይ ቁጭ በይ።”

“እጅህን ከላይዋ አንሳ” አልኩት። አንተ ማለቴን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ቁጭም አላልኩም።

እጁን አነሳ። አስቴር ለብቻዋ መቃናት አልቻለችም። ሲስቁ ከነበሩት ተማሪዎች አንዷ ሳቋን ትታ መጣችና በአንድ በኩል ያዘችልኝ።

ቅዳሜ

በመጨረሻው ቀን ስም እየጠራ ወረቀት አደለ። ዓርብ ከሰዓት የመጣ ሰው ሳይቀር አስተማሪ ሆነ። የእኔን ስም ሲጠራ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያዘ። ሁሉም በተሰበሰበበት ይቅርታ ከጠየቅሁ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ።

ወረቀቱ እጄን ብዘረጋ የሚደርስ ነው። ስሜ ሳይቀር ተጽፎበታል። የእትዬ አስካለ ጫማ ትዝ አለኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ አንድ ቃል ደግሞ ምንም አይደለም ብዬ አፌን ከፈትኩ።

“ይቅርታ የሚገባት አስቴር ናት” አልኩ። “ከእርስዎ።”

ጆንያዬን አጣጥፌ ወጣሁ። አስቴር ወገቧን ይዛ ተከተለችኝ። በመንገድ ላይ የራሷን ወረቀት አውጥታ፣ “ውሰጂው፣ ካቦሽ ስሙን መች ያነባል?” አለችኝ። ሳቅሁ፤ ግን አልወሰድኩም። እሁድ ከጸሎት በኋላ ወደ ዲላ ተሳፈርኩ። ልለው ይገባኝ የነበረው ሁሉ መንገድ ላይ እየመጣ አቃጠለኝ።

ሰኞ፣ ዲላ

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ልትጀምሩ የምታስቡ ግን በእኔ ንዴት አትተዉት። በትንሹ ጀምሩ፤ ትንፋሻችሁ ከተቆራረጠ አብዝታችኋልና መለስ በሉ። ልታስተምሩ የምትፈልጉ ደግሞ፣ ሳትጠይቁ ሰው ጀርባ ላይ እጃችሁን አታሳርፉ። ያመኛል ያለ ሰው ያመዋል። ይህን የሚያውቅ ወረቀት የለም።

ካቦው ገና ከበሩ ሳልገባ ጠየቀኝ። የለም አልኩት፤ ለምን እንደሌለም ነገርኩት። አዘነልኝ፤ ቢሆንም ያለ ወረቀት አይሆንም አለ።

በምሳ ሰዓት ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ጓሮ ተሰልፈው ጠበቁኝ። ፊታቸው ቆምኩ። ያ አሰልጣኝ ያለንን አልኳቸው፤ “ዓይናችሁን ጨፍኑ። እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ።”

ቀድመው የጀመሩት እትዬ አስካለ ናቸው። ከዚያ ጓሮው በሙሉ በጸሎት ተናወጠ። ካቦው እየሮጠ ወጣ፤ ሲያየን ቆመ፤ ኮፍያውን አወለቀ። አሜን ስንል እጃችን ገና ላይ ነበር። ጉልበታችንን ላላ አድርገን፣ አየር እያስወጣን፣ የቻልነውን ያህል ብቻ ዝቅ አልን።

ማክሰኞም ጸለይን፣ ረቡዕም። ሐሙስ ካቦው ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ጠጋ ብሎ፣ “ይህ ጸሎት እስከ መቼ ነው?” አለ።

እትዬ አስካለ ከተጎነበሱበት ሳይቃኑ መለሱለት። “ወገባችን እስኪድን።”