የአው ዩሱፍ ሾላ ጉጉቶች

የአባባ አርባ ካለፈ በኋላ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ያለውን ቤቱን ባዶ የማድረጉ ሥራ ለእኔ ስለተረፈ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አቧራ ስውጥ፣ ያረጀ ጋዜጣ ሳስር፣ ለማን እንደምሰጠው የማላውቀውን ካፖርት ሳጥፍና ስዘረጋ ሰነበትኩ። ሰው ወላጁን ቀብሮ ሲያበቃ ያርፋል የሚሉት ውሸት ነው፤ ከቀብሩ በኋላ ዕቃው አለ። ዛሬ ከሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የመጨረሻውን መሳቢያ ሳብኩት። የአባባ ካሜራ የቆዳ ማኅደር እዚያ ነበር። ስከፍተው የአሮጌ ቆዳና የፊልም ማጠቢያ መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ከሥሩ ደግሞ ክዳኗ ዙሪያውን በነጭ ፕላስተር የታሸገ አንዲት የፊልም ቆርቆሮ ተቀምጣለች። በፕላስተሩ ላይ በአባባ የቢሮ ጽሕፈት «ሾላው ሥር፣ ታኅሣሥ» ተብሎ ተጽፏል። ሳየው አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልመጣልኝም።

ሐረር የመጣ እንግዳ ሁሉ ጅብ አይቶ ይሄዳል። አባባ ግን ከጎጃም ተዛውሮ ሲመጣ ጅቡን አንድ ቀን አየና «ይሄማ እኛም አገር አለ» ብሎ ተመለሰ፤ ልቡን የሰጠው ለጉጉት ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፋይል ሲያገላብጥ ይውልና በታኅሣሥና በጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ብርዱ ጆሮ በሚቆነጥጥበት ወቅት፣ ከሥራ እንደወጣ ካሜራውን በትከሻው አንግቶ፣ እኔን በእጁ ይዞ በከተማዋ ግንብ በኤረር በር በኩል ይወርድ ነበር። በሩ አጠገብ አትክልት የሚሸጡት ሴቶች ስለለመዱን በኦሮምኛም በአማርኛም ይስቁብን ነበር፤ አባባም በሁለቱም ቋንቋ አብሯቸው ይስቃል።

ከበሩ ወጣ ብሎ የአው ዩሱፍ እርሻ ነበር፤ ጫትና ዘይቱና፣ መሐሉ ላይም ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ሾላ። አው ሐረሪዎች ታላቅ ሰው የሚያከብሩበት ቃል ነው፤ አው ዩሱፍ ግንቡ ውስጥ፣ ጁገል ተወልደው ያረጁ፣ ጺማቸውን በሂና የሚያቀሉ ሽማግሌ ነበሩ። በሾላው ጎሬ ውስጥ ባልና ሚስት ጉጉቶች ይኖራሉ። በእኛ ሰፈር ጉጉት ማለት ሞት ጠሪ ናት፤ እማዬ ድምፅዋን በሰማች ቁጥር አማትባ «ድምፅሽን ይዘሽ ሂጂ» ትላለች፣ አባባ ያነሳቸውንም ፎቶዎች ግድግዳ ላይ አላስሰቅል ብላ መሳቢያ ውስጥ አስራቸዋለች። አው ዩሱፍ ግን ዱካ አውጥተው ያስቀምጡንና «የአላህ ፍጥረት ናት፤ ስሟን ያጠፋው ሰው ነው። እሷ ባትኖር አይጡን ማን ይበላልኛል?» ይሉ ነበር።

ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ወንዱ ከጎሬው አንገቱን ያወጣል። አባባ ያን ጊዜ ትንፋሹን ስለሚይዝ እኔም እይዛለሁ፤ ብርዱ ከመሬቱ በጫማዬ በኩል እየወጣ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ መጥረግ እንኳ እየፈራሁ። ወፉ ሁለት ቢጫ ዓይኑን ቀስ አድርጎ ከድኖ ይከፍትና ከእኛ ይልቅ ከኋላችን ያለ ነገር የሚያይ ይመስላል። ከዚያ ቀጭ የምትል አንዲት ድምፅ ከካሜራው ትሰማለች፤ ለዚያች ድምፅ ነው አንድ ሰዓት የምንጠብቀው። ብርሃኑ ስለማይበቃ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ላይ ጉጉቷን የሚያያት አባባ ብቻ ነበር። ፈረስ መጋላ ያለው ፎቶ ቤት ፊልሙን ልንቀበል ስንሄድ ባለቤቱ «ጋሼ፣ ዛሬም ጥቁር ቅርንጫፍ ነው ያነሱት» ብሎ ይሰጠናል፣ አባባም ቅር ሳይለው መብራት ሥር ይዞ በጣቱ ያሳየኛል፤ ይቺ ክንፏ፣ ይቺ ጆሮዋ። እኔም አዎ እል ነበር።

አንድ ምሽት ከሾላው ሥር አውራ ጣት የሚያህል ግራጫ ነገር አነሳ። ጉጉት አይጥን እንዳለ ውጣ፣ ጠጉሩንና አጥንቱን እንዲህ ጠቅልላ እንደምትተፋው ነገረኝ፤ በስንጥር ፈልቅቆም ጥርስ ያላት የጥፍሬን ግማሽ የማታህል መንጋጋ አሳየኝ። ሌላ ሳይነካ የቀረ አግኝተን በፊልም ቆርቆሮ ከተትነው፤ አባባ በነጭ ፕላስተር አሽጎ ጻፈበት። ስንመለስ እንደ ትልቅ ሰው ቆም አድርጎ አነጋገረኝ። «ይሄን ቦታ ለማንም አትንገሪ፤ ሰው ካወቀ አይተዋቸውም» አለኝ። በማርያም ምዬ ቃል ገባሁ።

ትምህርት ቤት ውስጥ በምንም የማልታወቅ ልጅ ነበርኩ፤ በሩጫ አልቀድም፣ ድምፄ ለመዝሙር አይሆን። ቆርቆሮዋን ከመሳቢያው አውጥቼ ደብቄ ይዤ የሄድኩት ለዚህ ነው። ፕላስተሩን ቀድጄ ስከፍታት ክፍሉ በሙሉ ከበበኝ፤ ከየት አገኘሽው ሲሉኝ እስከ አጥሩ ድረስ ምልክት ሰጥቼ ነገርኳቸው። ከከበቡኝ መሐል አልማዝ ነበረች፤ የጎረቤታችን የሃምሳ አለቃው ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟ ሁለት ሳምንት በትኩሳት የተኛባት። «በየማታው ጓሯችን መጥታ የምትጮኸው እሷ ናት ማለት ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም፤ የዚያን ቀን ደስታዬን ግን አስታውሳለሁ። ቤት ገብቼ ነጭ ፕላስተር ባጣ የኤሌክትሪክ ሽቦ መጠቅለያውን ቀይ ናስትሮ ዙሪያዋን አዙሬ ቦታዋ መለስኳት።

በሁለተኛው ቀን አባባና እኔ ስንደርስ አው ዩሱፍ ከሾላው ሥር ብቻቸውን ቆመዋል። መሬቱ ላይ ላባ አለ።

«ወላሂ፣ ሶላት ላይ ነበርኩ» አሉ አባባን ቀና ብለው ሳያዩ። «ሁለት ጥይት ሰማሁ። ስመጣ ልጁ የታመመበት አባት ነው። የታመመ ልጅ ያለውን ሰው ምን ልበለው?»

«ምንም አይበሉት፣ አው ዩሱፍ» አለ አባባ። ካሜራውን ከማኅደሩ ሳያወጣ እጄን ይዞ ወደ ቤት መለሰኝ። እንደወትሮው ነው የያዘኝ፤ አላጠበቀም፣ አላላላም።

ልጁ ዳነ። ሆስፒታል በዚያው ሰሞን መርፌ ጀምረውለት ነበር፤ ሰፈሩ ግን ያዳነው ጥይቱ ነው አለ፣ ማንም ይሄን አያስለቅቀውም። አባባ አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ ሄደና ሃምሳ አለቃውን አቅፎ «እንኳን ማረላችሁ» አለው። ከልቡ እንደነበር አውቃለሁ፤ ልጅ የነበርኩት እኔ እንኳ ልጁ በመዳኑ ደስ ብሎኝ፣ በጉጉቶቹ ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ አልቅሻለሁ። ካሜራው ግን መሳቢያ ገባ፤ ከዚያ በኋላ አልወጣም። አባባ ከሥራ ወጥቶ በቀጥታ ቤት የሚገባ፣ ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ሆነ።

ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። ማን ነገራቸው ብሎ እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ። ሳድግ እነግረዋለሁ አልኩ፤ አደግሁ። ሳገባ አልኩ፤ አገባሁ። በመጨረሻዎቹ ወራት እግሩን እያጠብኩ አፌ ላይ ደርሶ ስንቴ ተመለሰ፤ ደግሞ ደክሞታል፣ ምን ያደርግለታል እል ነበር። ደክሞኝም ነበር።

እርሻው ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። ባለፈው ሳምንት በባጃጅ ሳልፍ ሾላው የቱ ጋ እንደነበር እንኳ መለየት አልቻልኩም። ከመሸ በኋላ አቦከር ላይ የሚሰማው የመኪና ጥሩምባ ነው፤ እማዬ ብትኖር ሂጂ የምትላት ወፍ የለችም።

ቆርቆሮዋን እንደያዝኩ መሽቷል። የከነከነኝ ነገር የመጣልኝ አሁን ነው፤ እኔ ያሸግኳት በቀይ ነበር። የነጩን ፕላስተር ጫፍ በጥፍሬ አነሳሁት። ከሥሩ ናስትሮው አለ፣ በልጅ እጅ የተጠቀለለ፣ የተጨማደደ፣ አንዱ ጎኑ ተርፎ የታጠፈ። አባባ አላነሳውም። ከላዩ ነጩን ለጥፎ፣ የቀደድኩትን ጽሑፍ እንዳለ መልሶ ጽፎበታል።

ያውቅ ነበር። ያወቀው እጄን ይዞ ሲመልሰኝ ይሁን፣ በኋላ መሳቢያውን ሲከፍት፣ የሚነግረኝ የለም። ለብቻዬ ተሸከምኩት ያልኩትን ይህን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ተሸክሞት ኖሯል፤ አንድ ቃል ብተነፍስ ሁለታችንም እናርፍ ነበር።

ቀዩን አልላጥኩትም። ነጩን መልሼ ልለጥፈው በአውራ ጣቴ ደጋግሜ ጫንኩት፤ ሙጫው ግን አልቋል።