ሳይታጠብ የተጫነው ኮምፒውተር

እኔ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ልጆቼ ካደጉ በኋላ ነው። ባለቤቴ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። እኔ የአሰብን መንገድ ስመላለስ እሷ በጽሕፈት መኪና ላይ ተቀምጣ አረጀች። እኔ ጎማ እቀይራለሁ፣ እሷ ካርቦን ትቀይራለች፤ እንዲህ ሆነን ነው የኖርነው።

ዘጠናዎቹ ሊገቡ ሲሉ መሥሪያ ቤቷ ሠራተኛ ቀነሰ፤ እሷም ተቀነሰች። አንድ ወር ያህል ቤት ተቀምጣ መጋረጃ ስታጥብ ከረመች። የታጠበውን ደግማ ታጥባለች። ከዚያ አንድ ቀን ሲሰናበቱ በሰጧት ገንዘብ ኮምፒውተር ገዝታ በታክሲ ይዛ መጣች። ቤታችን ገርጂ ነው፤ አንዷ ክፍል በሯ ወደ መንገድ የሚወጣ ነበረች። እዚያ አስቀመጠችውና በሩ ላይ «ማመልከቻና ደብዳቤ በኮምፒውተር እንጽፋለን» ብላ ለጠፈች።

«የጽሕፈት መኪናሽስ ምን ሆነ?» አልኳት።

«ሰው አሁን በሱ የተጻፈ አይቀበልም።»

«ሰው ምን ያውቃል?»

«አንተ ራስህ ሰው አይደለህ?» ብላ ዘጋችኝ።

ያኔ ገርጂ ዛሬ እንደምታዩት አልነበረም። ቤቱ እዚህና እዚያ ነው። ከመገናኛ ሚኒባስ እስኪሞላ ይጠበቃል፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ከአስፋልቱ ወርዶ ጭቃውን በእግር ነው። ቢሆንም ሰው መጣላት። ለቀበሌ የሚያመለክት፣ ሥራ የሚፈልግ፣ ከሲኤምሲ ድረስ በመኪና የሚመጣም ነበረ።

ችግሩ የፊደሉ አቀማመጥ ነበር። የኮምፒውተሩ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሎቹን ያስቀመጠው እሷ በምታውቀው ቦታ አይደለም። እሷ እኮ ስትጽፍ ጣቶቿን አታይም፤ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው። ጣቶቿ የጽሕፈት መኪናውን ቦታ ነው የሚያውቁት። «ለክቡር» ብላ ስትመታ የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የሚወጣው እግዜር የማያውቀው ነገር ነው። አንድ ሳምንት ታገለች። አንድ ቀን ገብቼ ሳያት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «ጣቴ ሞኝ ሆነብኝ» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ስንኖር እንደዚያ ከፍቷት አላየሁም።

ያዳናት ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን ነው። የወሎ ሰው ነው፣ ኮምፒውተር ያስተምር ነበር። ሦስት ቅዳሜ ከእሷ ጋር ተቀመጠ። እሷ የጽሕፈት መኪናዋን አጠገቡ አድርጋ «ይሄ እዚህ፣ ያ እዚያ» ትለዋለች፣ እሱ እያንዳንዷን ፊደል ከነምልክቷ እያነሣ ወደ ድሮ ቦታዋ ይመልሳል። ሲጨርስ ሞከረችው፤ ጣቶቿ ታዘዙላት። ያን ለት እንግዳ እንደመጣ ዶሮ ሠርታ አበላችን። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ሥራ አግኝቶ ጅቡቲ ሄደ፤ አድራሻም አልተወልንም። ያን የፊደል ቦታ የሚያውቀው እንግዲህ ያ ኮምፒውተር ብቻ ነበር።

አሁን የኔን ጥፋት ልናገር።

ሾፌር ሁሉ የየራሱ ልማድ አለው። የኔ ልማድ መኪናውን ካቆምኩ በኋላ የባትሪውን ገመድ መንቀል ነው። አንድ ጓደኛዬ የቆመ መኪናው በሽቦ ምክንያት ተቃጥሎበት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ባትሪ ሳልነቅል እንቅልፍ አይወስደኝም። ጡረታ ወጥቼ መኪናው ሲቀር ልማዱ አልቀረም። ባለቤቴ ሥራ ስትጨርስ ኮምፒውተሩን «ጥፋ» ትለውና ወደ ጓዳ ትሄዳለች። እሱ ግን ቶሎ አይጠፋም። ያጉረመርማል፣ ትንሿ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ትላለች። እኔ ደግሞ የቤቱን በር ልዘጋ መጥቻለሁ፤ ምን ቆሜ እጠብቀዋለሁ? ከቆጣሪው ላይ የዚያችን ክፍል ባልቦላ፣ ፊውዙን ማለቴ ነው፣ እነቅልና ኪሴ እከታለሁ። ጠዋት ቀድሜ ተነሥቼ እመልሰዋለሁ። ይህን አንድ ዓመት ሙሉ ሳደርግ አላወቀችብኝም። የኤሌክትሪክ ነገር እንዳልነካ ነግራኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ጠዋት ከፈተችው፤ አልነሣ አለ። ጥቁር ሆነና ነጭ ጽሑፍ ደርድሮ ቀጥ አለ። እሷ ደጋግማ አጠፋች፣ ደጋግማ አበራች። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ እንደከተትኩ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሆዴ ያኔውኑ አውቆታል፤ አፌ ግን ዝም አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለሙያ መጣች። ሴት ናት፣ ወደ አርባ የምትጠጋ፣ የትግራይ ልጅ፣ ቦሌ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ጫማዋን ከጭቃው ጠረገች፣ ተቀመጠች። ትንሽ ነካካችና፣

«እትዬ፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል። አጥቤ እንደ አዲስ ልጫነው። እስከ ምሳ ይደርሳል» አለች።

«ታጥቦ ማለት?» አልኩ እኔ።

«ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል አባባ። ከዚያ ንጹሕ ሆኖ ይጫናል።»

«ታዲያ ምኑን ጠገንሽው?»

ቀና ብላ አየችኝ። ባለቤቴ ደግሞ «ፊደሌስ?» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነው የወጣው።

«የአማርኛውን ፕሮግራም እጭንልዎታለሁ።»

«ፕሮግራሙን አይደለም። ቦታቸውን። ሦስት ቅዳሜ የተሠራ ነው። የሠራልኝ ሰው የለም።»

ባለሙያዋ ወደ እሷ ዞረች። «አዲሱን አቀማመጥ ቢለምዱትስ እትዬ? ብዙ ሰው ለምዶታል።»

ባለቤቴ ጣቶቿን አጣጥፋ መዳፏ ውስጥ ደበቀቻቸው። እኔ ያን አይቼ አልቻልኩም።

«ስሚ ልጄ» አልኩ፣ «እኛ ጋራዥ ሞተር ወርዶ ሲታደስ የሹፌሩን ወንበር አውጥተን አንጥልም። መሪውም፣ መስታወቱም እንዳለ ነው። ሹፌሩ ሲመለስ እግሩ ፍሬኑን ያለበት ቦታ ያገኘዋል። እንደሱ አድርገሽ የማትሠሪው ከሆነ ሻይሽን ጠጥተሽ በሰላም ሂጂ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ ነች» አለች ባለቤቴ።

«ባለሙያ ነኝ ካለች ትስማ።»

ባለሙያዋ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ሳቀች። «ይቻላል አባባ። ሳይታጠብ ከላዩ ላይ መጫን ይቻላል። ግን ይረዝማል፣ ደግሞም እምቢ ሊለኝ ይችላል። እምቢ ካለ መታጠቡ አይቀርም። በፊት ግን የተበላሸበትን ምክንያት ማወቅ አለብኝ፤ ካልሆነ ተመልሶ ይበላሻል። እትዬ፣ ሲያጠፉት እንዴት ነው?»

«ከዚህ ላይ አጥፋ እለዋለሁ።»

«ጨርሶ እስኪጠፋ ይጠብቁታል?»

«ወደ ጓዳ እሄዳለሁ። እሱ ራሱ ይጨርሳል።»

«መሀል ላይ መብራት ይቋረጣል?»

«የለም፣ እኛ ጋ መብራት ደህና ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ባለሙያዋ በሌለ ነገር ስትደክም ልይ? ባልቦላውን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የዚያን ለት ጠዋት ቆጣሪው ላይ ሌላ መለዋወጫ ነበር የከተትኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ባትሪ እንደምነቅለው ነው የነቀልኩት።»

«በየቀኑ?» አለች ባለሙያዋ።

«በየቀኑ።»

ባለቤቴ ባልቦላውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋች።

ባለሙያዋ «ወንበሩን ይሳቡ አባባ፣ ሥራ አለብዎት» አለችኝ።

ኮምፒውተሩን በግማሽ ነፍሱ አስነሣችው። እንዲህ ሲሆን መስታወቱ ላይ ያለው ሁሉ ገዝፎ ይታያል፣ ቀለሙም ድፍርስ ነው፤ ግን ይሠራል። የአማርኛውን ፕሮግራምና ፊደላቱን እንዳሉ በፍሎፒ ገለበጠች። «ፍሎፒም ይከዳል፤ በወረቀትም እንያዘው» አለችና የፊደሎቹን ሰንጠረዥ ከፈተች። የቀን መቁጠሪያ ከግድግዳ ላይ አወረድኩ፣ ጀርባውን ገለበጥኩ፣ የኮምፒውተሩን ቁልፎች በሙሉ እንደ ሳጥን ሳጥን አድርጌ ሣልኩ። እሷ «ከላይ ሁለተኛው ረድፍ፣ ሦስተኛው ቁልፍ» ትለኛለች፣ እኔ ያለውን ፊደል አይቼ እሥላለሁ። መጻፍ ልበለው እንጂ መሣል ነው። ቁልፎቹ ላይ ያለውን እንግሊዝኛም እንደ ሥዕል ነው የገለበጥኩት። አንዱን ቁልፍ ዘልዬ ኖሮ አንድ ረድፍ ሙሉ ሰርዤ ደገምኩ። ላብ አጠመቀኝ፤ የደሴን ዳገት ከነተጎታቹ የወጣሁ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ በፍሎፒ አስነሥታ የዊንዶውሱን ሲዲ ከተተች። ትንሽ ቆይቶ መስታወቱ ላይ ጥያቄ መጣ።

«እዚህች ጋ ነው ነገሩ» አለች። «የት ልጫን ነው የሚለው። ሌላ ቦታ ካልኩት አዲስ ቤት ይሠራል፤ የድሮዎቹ ፕሮግራሞች አዲሱን ቤት አያውቁትም። እዚያው ድሮ ቦታው ካልኩት ግን ዕቃው ሳይወጣ ወለሉን ይቀይራል።»

«እዚያው በይው።»

«እዚያው ብዬዋለሁ።»

መገልበጥ ጀመረ። እኔ ወንበሬን አንሥቼ ቆጣሪው ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ እዚያ ምን ይሠራሉ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ከማን?»

«ከራሴ።»

ሳቋን ለቀቀችው። ከጓዳም ትንሽ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁም።

በየመሀሉ ኮምፒውተሩ እየቆመ ይጠይቃል። «ምን አለ?» እላታለሁ። «እኔ የያዝኩት ፋይል የቆየ ነው፣ እዚህ ያገኘሁት ይሻላል፤ ያለውን ላቆየው? ነው የሚለው።» «አቆየው በይው።» እንደገና ይጠይቃል፤ «አቆየው።» እንዲህ የሚጠይቅ ዕቃ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ዓመቱን ሙሉ ባልቦላ አልነቅልበትም ነበር። ከሰው ይልቅ ጨዋ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው የተነሣው። ባለሙያዋ ፕሮግራሙን ከፈተችው። «ተከፍቷል። ግን ትክክል መሆኑን የሚያውቁት የእትዬ ጣቶች ናቸው። ይጥሯቸው» አለችኝ።

ጓዳ ገባሁ። ምስር ትለቅማለች። የተለቀመውን ነው ደግማ የምትለቅመው።

«ጨርሳለች። ነይና ሞክሪው።»

«አንተ ሞክረው።»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ባልቦላ መንቀል ታውቅ የለ?»

ከአጠገቧ ቁጭ አልኩ። እሷም ምስሯን ትለቅማለች። ኋላ ቀና አለችና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። መኪናህን አንድ ሰው ዓመት ሙሉ ሳይነግርህ ቢነካካብህ ምን ታደርገው ነበር?» አለችኝ።

«እመታው ነበር።»

«እሺ፣ ተመትተሃል።»

«አጥፍቻለሁ» አልኳት። ይህን ቃል ለትራፊክ ፖሊስ እንኳ ብዬ አላውቅም።

እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሣች። ከኮምፒውተሩ አጠገብ የኔን የቀን መቁጠሪያ ስታይ ቆመች። አነሣችው፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ማነው የጻፈው?»

«አባባ ናቸው» አለች ባለሙያዋ።

«ይሄ ጸ ነው ወይስ ጃንጥላ?»

«ጸ ነው» አልኩ። «ቦታውን ያዝኩልሽ እንጂ መልኩን ማን ጠየቀኝ።»

መለሰችና በጥንቃቄ አስቀመጠችው። ተቀመጠች። የመንደራችን ዕድር ደንብ በእጅ ተጽፎ መጥቶላት ነበር፤ እሑድ ስብሰባ ላይ ሊነበብ ቀጠሮ ተይዞበታል፣ ግማሹ ገና አልተጻፈም። ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። እኔ መስታወቱን ለማየት አልደፈርኩም፤ የሷን ፊት ነው የማየው። እሷ ደግሞ ቀና ብላ ግድግዳውን ታያለች። መታች። ቆመች። እንደገና መታች፣ ከዚያ ሳትቆም ቀጠለች። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት።

«አሉ» አለች። «ሁሉም አሉ።»

ባለሙያዋ ፍሎፒዎቹን በላስቲክ አስራ ለባለቤቴ ሰጠቻትና ቦርሳዋን መሰብሰብ ጀመረች። እኔ ልሸኛት ልነሣ ስል ባለቤቴ የደንቡን ረቂቅ አነሣችና ዘረጋችልኝ።

«ዓይኔ ደክሟል። አንብብልኝ።»

ዓይኗ አልደከመም። እኔ ሳነብ እንዴት እንደምጎተት ታውቃለች፤ ቀርፋፋ ነህ ብላ የልጆቻችንን ደብዳቤ እንኳ አስነብባኝ አታውቅም። መነጽሬን አደረግሁ። የዕድሩ ጸሐፊ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ጉንዳን ይመስላል።

«አንቀጽ... አሥራ... ሁለት» አልኩ። «አባል... የሆነ... ሰው...»

ቃሉን እስክጨርስ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ፤ ጻፈችው።

«አትቸኩል» አለችኝ። «ቀጥል።»