ሰማንያ ሲደርስ ይነቀል

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ልጅ ነበርኩ እንዳልል፣ ልጅ አልነበርኩም። ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ ልናገር ነው፤ ብቻ አትዘኑልኝ።

ከተማው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና፣ የኤሌክትሪክ መኪና በሚልበት ጊዜ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ መኪና መሸጫ ውስጥ እሠራ ነበር። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ባትሪ የማውቀውን ሁሉ የለቃቀምኩት ከስልኬ ነው። ወሬ ደግሞ እወዳለሁ! አንድ ገዢ ከገባ ሦስት ታሪክ ሳልነግረው አይወጣም። ታላቅ ወንድሜ ቶሎሳ፣ ዛሬ ለሚ ኩራ በሚባለው በአባታችን እርሻ ላይ በሬ ጠምዶ ያደገ ሰው፣ የእኔን ወሬ አምኖ አዲስ ዓይነት ባትሪ ያለው መኪና ገዛ። ታክሲ ሊሠራበት። እኔም በወፍራም እስክሪብቶ ጽፌ ቤቱ፣ መኪናውን የሚሞላበት ሶኬት አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩለት፦ «ሰማንያ ሲደርስ ይነቀል።» ቀድሞ የምንሸጣቸው መኪኖች ባትሪያቸው እንዳይጎዳ እስከ ሰማንያ በመቶ ብቻ ነበራ የሚሞሉት።

በፋሲካ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ «መቶ ብሞላውስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በሬህ አይደለም፣ እስኪጠግብ የምታበላው!» አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱም አብሮ ሳቀ። «እሺ፣ ኢንጂነር» አለኝ። ኢንጂነር! ያቺ ቃል እንዴት እንደጣፈጠችኝ!

ብዙም ሳይቆይ መሥሪያ ቤቱ ሥልጠና ሰጠን። አሠልጣኙ አዲሱ ባትሪ እንደ ድሮው እንዳልሆነ አስረዳን። በሳምንት አንዴ እስከ መቶ ካልተሞላ መኪናው የቀረውን መለካት ይስታል፤ ሃያ በመቶ አለኝ እያለ ቀጥ ሊል ይችላል። ሰማሁ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከሥሩም አሰመርኩበት። ስልክ መደወል ምን ነበረበት? «ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ፣ መቶ ሙላው» ማለት ስንት ቃል ነው? አራት! አልደወልኩም። ኢንጂነሯ ተሳሳተች ብለው እንዳይስቁብኝ። ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ፣ አልደወልኩም። እኔ አውቅ ነበር። አውቅ ነበር!

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የእማዬ ፊት በአንድ ወገን ተንጋደደ፣ ምላሷ ተሳሰረ። ቶሎሳ ጭኗት ወደ ሆስፒታል በረረ። ጎሮ ጋ ሲደርሱ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ መኪናው ሃያ ሁለት በመቶ እያሳየ ቆመ። የሚጭናቸው እስኪገኝ ከአንድ ሰዓት በላይ መንገድ ዳር ቀሩ። እማዬ ነፍሷ ተረፈ። ቀኝ ጎኗና ንግግሯ ግን አልተመለሱም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አጎታችን ቶሎሳ ላይ ጮኸ። «እናትህን ባልተሞላ መኪና ይዘህ ትወጣለህ? በጋሪ ብታመጣት አይሻልም ነበር?»

እኔስ? ዝም ብል እንኳ ምናለ? «እሱ መቼ በሥርዓቱ ይሞላዋል!» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። እናቴ ምላሷ ተሳስሮ ውስጥ ተኝታ፣ የእኔ ምላስ እንዲህ ይፈታ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ይቅር በሉኝ አልልም። ባለማወቅ ነው አትበሉልኝ፤ ባለማወቅ ቢሆን ይህን መጻፍ ምን ያስፈልገኝ ነበር?

ከሳምንት በኋላ ከቶሎሳ ጋር መኪናውን ቦሌ ሚካኤል ጋራዥ ወሰድነው። መካኒኩ ኮምፒውተሩን ሰክቶ አየ። «ጋሼ፣ ባትሪው ጤነኛ ነው። ግን መቶ ተሞልቶ አያውቅም፤ ሁሌ ሰማንያ ላይ ነው የተነቀለው። ሰማንያ ላይ ንቀል ያለዎት ማነው?»

ቶሎሳ ወደ እኔ ዞር አላለም። «ራሴ ነኝ» አለ።

ቤት ስንደርስ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ላጠው፤ አጥፎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «አንቺም አላወቅሽ፣ ምን ታደርጊ» አለኝ። ከዚያ ገመዱን ሰካ፣ በርጩማ ስቦ መኪናው አጠገብ ተቀመጠ፣ መቶ እስኪሞላ ጠበቀ።